ገዢው ክፍያው ጋ ሲደርስ እንዳያመነታ፦ ለኦንላይን ሱቅ ባለቤቶች የአሠራር መመሪያ

ሰውየው ጫማውን መርጧል። ቁጥሩን አስተካክሎ ቅርጫት ውስጥ ከትቷል። አድራሻውንም ሞልቷል። የካርድ ቁጥር የሚጻፍበት ሳጥን ጋ ሲደርስ ግን ጣቱ ቆመ። ወደ ላይ መለስ ብሎ የገጹን አድራሻ አየ። ወደ ታች ወርዶ ስልክ ቁጥር ፈለገ። አጣ። ገጹን ዘጋው።

ይህን ሰው እናንተ አታዩትም። አይጠይቃችሁም፣ አይወቅሳችሁም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። ቤይማርድ ኢንስቲትዩት የተባለው የምርምር ተቋም ያሰባሰባቸው ጥናቶች አማካይ እንደሚያሳየው፣ ዕቃ ከገባባቸው 10 ቅርጫቶች 7ቱ ያህል ሳይከፈልባቸው ይቀራሉ። ከምክንያቶቹ አንደኛው መጨረሻ ላይ ብቅ የሚል ተጨማሪ ወጪ ነው። «የካርዴን መረጃ ለዚህ ድረገጽ ለመስጠት አላመንኩትም» የሚለውም ከዋነኞቹ መካከል ነው።

ብዙ ባለሱቆች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያደርጉት የጋሻና የቁልፍ ሥዕል ያለባቸውን ማኅተሞች ገጹ ግርጌ መደርደር ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ማኅተም ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ከጀርባው የተሠራ ሥራ ሲኖር ነው። ለዚህ ነው እዚህ መመሪያ ላይ ማኅተም አምስተኛው ደረጃ ላይ የሚመጣው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከራሳችሁ ሱቅ ግዙ

ሌላ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ስልካችሁን አንሱ። ኮምፒውተር ሳይሆን ስልክ። ሱቁ እናንተን እንዳያስታውሳችሁ የብሮውዘሩን የግል መስኮት ክፈቱ። አንድ ዕቃ ምረጡና በራሳችሁ ካርድ እስከ መጨረሻው ክፈሉ። አጠገባችሁ ወረቀት ይኑር። ቅር ባላችሁ ቁጥር ጻፉ።

ቀጥሎ ሱቁን አይቶት የማያውቅ ሰው ጥሩ። አጠገቡ ቁጭ በሉና እዩት። «እዚህ ጋ ንካ» አትበሉት። የት ጋ ዝም እንዳለ፣ የት ጋ ወደ ኋላ እንደተመለሰ ብቻ መዝግቡ። ከባድ ነው፤ እጅ ይበላል። ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር አላውቅም።

እኔ እንዲህ ሳደርግ ደጋግሜ የማገኛቸው ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ግርጌው ላይ ያለው ዓመት ከተቀየረ አራት ዓመት ሆኖታል። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ባዶ ነው። ክፍያው ጋ ሲደረስ ቀለሙም ስሙም ፍጹም የተለየ ገጽ ሳይነገር ይከፈታል። ገዢው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አይቆጥርም። ልቡ ብቻ ይጠረጥራል።

ደረጃ 2፦ ኤችቲቲፒኤስ በሁሉም ገጽ ላይ ይሁን

ይህ በገዢው ስልክና በእናንተ ሰርቨር መካከል የሚመላለሰው መረጃ መሐል ላይ ባለ ሰው እንዳይነበብና እንዳይለወጥ የሚያደርግ ምስጠራ ነው። ክሮም ከጁላይ 2018 ጀምሮ ይህ የሌለውን ማንኛውንም ገጽ «ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ብሎ ለጎብኚው ይናገራል። ያን ጽሑፍ ያየ ሰው ካርዱን አያወጣም፤ እውነቱን ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሰርተፍኬት በነጻ ይገኛል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለማንም ሰው በነጻ እየሰጠ ነው። አብዛኞቹ የድረገጽ ማስቀመጫ ድርጅቶችም አንድ ቁልፍ በመጫን ያስገቡላችኋል።

የሚከፈልባቸው ሰርተፍኬቶችም አሉ። አንደኛው ዓይነት ዶሜይኑ (የድረገጹ የአድራሻ ስም) የእናንተ መሆኑን ብቻ ያረጋግጣል። ሁለተኛው የድርጅቱን ሕጋዊ መኖር ይጨምራል። ሦስተኛው ምርመራውን ጠበቅ ያደርጋል። የምስጠራው ጥንካሬ በሦስቱም ያው ነው። ድሮ ሦስተኛውን የገዛ ድርጅት ስሙ አድራሻው አጠገብ በአረንጓዴ ይጻፍለት ነበር። ክሮምም ፋየርፎክስም ይህን በ2019 ከአድራሻ መስመሩ አነሱት። ስለዚህ «አረንጓዴ ስም ይወጣላችኋል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው የሚሸጥላችሁ።

አድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፏ ምልክትም ትርጉሟ ቀንሷል። አጭበርባሪዎችም ሰርተፍኬት ያወጣሉ። ክሮም በ2023 ቁልፏን በሌላ ምልክት የተካው ሰዎች «ቁልፍ ካለ ሻጩ ታማኝ ነው» ብለው ስለሚሳሳቱ ነው። እናንተም «ቁልፏን ስላያችሁ እመኑን» ብላችሁ አትጻፉ።

ሰርተፍኬቱ ከገባ በኋላ የሚቀሩ ሥራዎች አሉ። በድሮው ኤችቲቲፒ አድራሻ የሚመጣ ሰው ሁሉ በራሱ ወደ አዲሱ እንዲዛወር አድርጉ። ገጹ ውስጥ ያሉ ፎቶዎችና ስክሪፕቶች (ገጹ ሲከፈት የሚሠሩ ትንንሽ ኮዶች) በድሮው አድራሻ እየተጠሩ እንዳይሆን ፈትሹ፤ አንዷ ብትቀር ብሮውዘሩ ሊያግዳት ወይም ገጹን በሙሉ እምነት ሊያሳጣው ይችላል። ምስጠራውን የሚሠራው ደንብ ቲኤልኤስ ይባላል፤ 1.0 እና 1.1 ስሪቶቹ በ2021 በይፋ ስለተሻሩ ዝጓቸው፤ 1.2 እና 1.3 ይበቃሉ። ሁሉም ገጽ በትክክል መሥራቱን ስታረጋግጡ ኤችኤስቲኤስ የሚባለውን ትእዛዝ ጨምሩ። ብሮውዘሩ ከዚያ ወዲያ ሱቃችሁን ያለ ምስጠራ እንዳይከፍት ያደርገዋል። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት በሚቆይ መጠን ሞክሩት፤ ስህተት ካለ ለመመለስ ይቀላል። በመጨረሻ ኤስኤስኤል ላብስ የተባለው ነጻ መፈተሻ ላይ ዶሜይናችሁን አስገቡ። ውጤቱን በፊደል ይሰጣችኋል። ከኤ በታች ከሆነ ምክንያቱን አብሮ ይዘረዝረዋል።

የሰርተፍኬት ማብቂያ ቀንን ችላ አትበሉ። የማውቀው አንድ ሱቅ ሰርተፍኬቱ አርብ ማታ አለቀበት። ማስታወሻው ይላክ የነበረው ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመት ወደሆነው ሠራተኛ ኢሜይል ነበር። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ የመጣው ሰው ሁሉ ትልቅ የማስጠንቀቂያ ገጽ እያየ ተመለሰ። ባለቤቱ ነገሩን ያወቀው ሰኞ ጠዋት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት ደግሞ ከጁን 2025 ጀምሮ የማስታወሻ ኢሜይል መላክ አቁሟል። የሰርተፍኬት ዕድሜም እያጠረ ነው፦ ከማርች 2026 ጀምሮ ቢበዛ 200 ቀን፣ ከማርች 2027 ጀምሮ 100፣ ከማርች 2029 ጀምሮ 47 ቀን እንዲሆን ተወስኗል። በእጅ የማደስ ዘመን አልቋል። በራሱ እንዲታደስ አድርጉት። ካልታደሰ ለሁለት ሰዎች መልእክት የሚልክ መከታተያም አስገቡ።

ደረጃ 3፦ የካርድ ቁጥር እናንተ ጋ አይደር

የሌላችሁ ነገር አይሰረቅባችሁም። የካርድ ቁጥር በራሳችሁ ፎርም እየተቀበላችሁ በራሳችሁ ዳታቤዝ የምታስቀምጡ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ። የክፍያ አቀናባሪ ድርጅቶች ወይ ገዢውን ወደ ራሳቸው ገጽ ይወስዱታል፣ ወይ የራሳቸውን ሳጥን በእናንተ ገጽ ውስጥ ይከፍታሉ። በሁለቱም መንገድ ቁጥሩ በቀጥታ ወደ እነሱ ይሄዳል። እናንተ ጋ የሚደርሰው «ተከፍሏል» የሚል መልስና መለያ ኮድ ነው።

የካርድ ኩባንያዎቹ የጋራ ደንብ ፒሲአይ ዲኤስኤስ ይባላል። ካርዱ ላይ ያለውን ባለ 3 ወይም ባለ 4 አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ማስቀመጥን ይከለክላል። ዳታቤዝ ላይም ሆነ ወረቀት ላይ። ደንበኛ በቻት የካርዱን ፎቶ ቢልክላችሁ፣ ይልካሉም፣ ወዲያው አጥፉና በትክክለኛው መንገድ እንዲከፍል በትህትና ንገሩት።

ቀጥሎ የክፍያ ገጹ ላይ ያሉትን የሌሎች ድርጅቶች ስክሪፕቶች ተመልከቱ። የማስታወቂያ መከታተያ፣ የጎብኚ መቁጠሪያ፣ የቻት ሳጥን። እያንዳንዱ ገዢው የሚጽፈውን ማየት የሚችል እንግዳ ነው። በ2018 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሰርጎ ገቦች አየር መንገዱ ይጠቀምበት በነበረ አንድ ስክሪፕት መጨረሻ ላይ 22 መስመር ኮድ ጨመሩ። ያቺ ኮድ ተጓዡ የጻፈውን የካርድ መረጃ ቀድታ የአየር መንገዱን ስም ወደሚመስል ሌላ ዶሜይን ትልክ ነበር። የአየር መንገዱ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ ነበረው። የሌቦቹም ዶሜይን የሚሰራ ሰርተፍኬት ነበረው። ከ400,000 በላይ ደንበኞች ተነኩ። የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ በ2020 ድርጅቱን 20 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው።

እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። የክፍያ ገጹ ላይ የሚጫኑትን ስክሪፕቶች በሙሉ ዘርዝሩ። እያንዳንዱ ጎን «ይህ ባይኖር ክፍያው ይቆማል ወይ?» ብላችሁ ጻፉ። «አይቆምም» ያላችሁትን ከዚያ ገጽ አንሱ። ፒሲአይ ዲኤስኤስም ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ የክፍያ ገጽ ስክሪፕቶች እንዲመዘገቡና እንዲጸድቁ ግዴታ አድርጓል። ዝርዝሩ እንደ አሠራራችሁ ስለሚለያይ የክፍያ አቀናባሪያችሁን ጠይቁ። ፕሮግራመር ካላችሁ ደግሞ ሲኤስፒ የሚባለውን ደንብ ያስገባላችሁ። ካልተፈቀደ ቦታ የሚመጣ ስክሪፕት እንዳይሠራ ያግዳል።

ደረጃ 4፦ የጓሮውን በር ዝጉ

የሱቁን ሶፍትዌርና ፕለጊኖች (በላዩ የሚጨመሩ ተቀጥላ ፕሮግራሞች) አድሱ። የማትጠቀሙበትን ፕለጊን ሥራ ማስቆም ብቻ አይበቃም፤ ከሰርቨሩ ላይ አስወግዱት። ወደ አስተዳዳሪ ገጽ የሚገባ ሁሉ ከፓስዎርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው። ለዶሜይኑና ለኢሜይሉ አካውንትም እንዲሁ፤ ዶሜይኑን የያዘ ሰው ሱቁን ያዘ ማለት ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ። የመጠባበቂያ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጡ፣ አንድ ቀንም ከቅጂው መልሳችሁ ለመክፈት ሞክሩ። ተከፍቶ የማያውቅ ቅጂ መኖሩ አይታወቅም።

ደረጃ 5፦ አሁን ማኅተሙ

አንድ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫ ልገዛ ከማላውቀው ሱቅ ገባሁ። ከክፍያ ቁልፉ በታች አምስት ማኅተም ተደርድሯል። አንዱን ነካሁት። ነጭ ገጽ ላይ ያው የማኅተሙ ሥዕል ብቻውን ተከፈተ። ሌላውን ነካሁ፣ ምንም የለም። ከሆነ ቦታ ተገልብጠው የተለጠፉ ፎቶዎች ነበሩ። ዕቃውን ወድጄው ነበር፤ ግን ተውኩት። ማኅተም ባይኖር ኖሮ ምናልባት እገዛ ነበር። ፎርጅድ ማኅተም ግን ከባዶ ቦታ ይብሳል።

እውነተኛ ማኅተም ሲነካ ወደ ሰጪው ድርጅት ዶሜይን ይወስዳል። እዚያ የሱቃችሁ ስም፣ ምን እንደተመረመረና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይጻፋል። የእናንተ ይህን ካላደረገ አንሱት። የአባልነት ጊዜው ያለፈበትንም በዚያው ዕለት አንሱ።

ማኅተም ስትመርጡ ምን እንደሚናገር እወቁ። አንዳንዱ «ግንኙነቱ የተመሰጠረ ነው» ብቻ ይላል፤ የሰርተፍኬት ሰጪዎች ማኅተም እንዲህ ነው። አንዳንዱ «ይህ ድረገጽ ጎጂ ሶፍትዌር እንዳይኖርበት ይፈተሻል» ይላል። ሌላው ስለ ንግዱ ራሱ ይናገራል። በ1999 ጀርመን ውስጥ የተቋቋመው ትረስትድ ሾፕስ ለምሳሌ ሱቁን ይመረምራል፣ ዕቃው ባይደርስ ደግሞ ለገዢው የገንዘብ ዋስትና ይሰጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ለገዢው በጣም የሚጠቅመው ይህ ሦስተኛው ነው። የሚፈራው ነገር ቢደርስ ማን እንደሚክሰው ይነግረዋልና።

ሰጪውንም መርምሩ። ትረስት ኢ የተባለው ታዋቂ የግላዊነት ማኅተም ሰጪ አባላቱን በየዓመቱ እንደገና እንደሚመረምር ይናገር ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ግን ከ2006 እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይህን ሳያደርግ ማለፉን ገልጾ ከሰሰው። በ2014 ድርጅቱ 200,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቤንጃሚን ኤደልማን የተባለ ተመራማሪ ደግሞ ከዚያ በፊት በ2006 አንድ ነገር አሳይቶ ነበር፦ ማኅተሙ ያላቸው ድረገጾች ከሌላቸው ይልቅ የማይታመኑ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ነበር። ምርመራው ሲላላ ማኅተሙን በጣም የሚፈልገው የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሰጪውን «ያመለከተ ሁሉ ያገኛል ወይ? ማንን ከልክላችሁ ታውቃላችሁ? መቼ ትነጥቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልመለሱ እለፏቸው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ብዙ ማኅተሞች የሚመጡት በስክሪፕት ነው፤ ስለ ስክሪፕት ደግሞ ደረጃ 3 ላይ ተነጋግረናል። በሜይ 2019 ቤስት ኦፍ ዘ ዌብ የተባለው ድርጅት የማኅተም ስክሪፕት ተጠልፎ ሰዎች የሚተይቡትን የሚቀዳ ኮድ ተገኘበት። ደኅንነትን ሊመሰክር የተለጠፈው ራሱ ቀዳዳ ሆነ። ስለዚህ የካርድ ሳጥኑ ባለበት ገጽ ላይ ስክሪፕት ያለው ማኅተም አታስገቡ። በራሳችሁ ሰርቨር ያለ ሥዕል ከማረጋገጫ ሊንክ ጋር መጠቀም ይቻል እንደሆነ ሰጪውን ጠይቁ።

ቦታውስ የት ይሁን? ጥርጣሬው የሚነሳበት ቦታ። ያም ገዢው ካርዱን የሚጽፍበት ሳጥን አጠገብ ነው፤ የመነሻ ገጽ ግርጌ አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ስምንት ማኅተም የደረደረ ሱቅ የሚምል ሰው ይመስላል። ገዢዎቻችሁ የሚያውቁት ይሁን፤ የትኛውን እንደሚያውቁ ደግሞ አሥር ደንበኛ ጠይቃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። የካርድ ሳጥኖቹንም በቀጭን መስመር ክበቧቸው፣ ጀርባቸውን ትንሽ ለየት ባለ ቀለም አድርጉ። ቤይማርድ በተጠቃሚዎች ላይ ባደረገው ሙከራ ሰዎች እንዲህ የተለየውን ቦታ ይበልጥ የተጠበቀ አድርገው እንደሚያዩት ተገንዝቧል። ቴክኒኩ ያው ነው፤ ልብ ግን ይረጋጋል።

በመጨረሻ ማኅተሙ አጠገብ በራሳችሁ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «100% ደኅንነቱ የተረጋገጠ» አትበሉ፤ ማንም እንዲህ ማለት አይችልም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «የካርድዎ ቁጥር በቀጥታ ወደ ክፍያ አቀናባሪው ይሄዳል። እኛ አናየውም፣ አናስቀምጠውም። ባንክዎ የማረጋገጫ ኮድ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ የተለመደ ነው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ታድናለች። ኮዱ ድንገት ሲጠየቅ «ተሸወድኩ» ብሎ የሚደነግጥ አለ።

ደረጃ 6፦ ማኅተም የማይናገረውን እናንተ ተናገሩ

ገዢው የሚፈራው ሌባን ብቻ አይደለም። ዕቃው ባይመጣስ? ባይሆነኝስ? ማንን አናግራለሁ? መልሱ ከክፍያው ገጽ ሳይወጣ ይገኝ። እውነተኛ አድራሻ፣ የሚነሳ ስልክ፣ የሚመለስ ኢሜይል። የመመለሻ ደንቡን ጠበቃ ሳይሆን ሰው በሚጽፈው ቋንቋ አስቀምጡ፦ በስንት ቀን፣ የመላኪያውን ማን ይከፍላል፣ ገንዘቡ መቼ ይገባል። ጠቅላላ ዋጋውን ከነመላኪያው ቀደም ብላችሁ አሳዩ። አካውንት ሳይከፍት መግዛት የሚፈልገውን ፍቀዱለት።

የደንበኞች አስተያየት ላይ መጥፎውንም አትደብቁ። አምስት ኮከብ ብቻ የሞላበት ገጽ ፌክ ይመስላል። ለአንድ ቅሬታ በጨዋነት የተሰጠ መልስ ግን ብዙ ያሳምናል። የውሸት አስተያየት መግዛትማ ነውር ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ በግልጽ ተከልክሏል።

አንድ የምትረሳ ነገርም አለች። በገዢው የባንክ መግለጫ ላይ የሚወጣው ስም የሱቃችሁ ስም ይሁን። የማያውቀውን ስም ያየ ሰው ባንኩ ጋ ሄዶ «አልገዛሁም» ይላል። ስሙን ማስቀየር ካልቻላችሁ በደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ እንደሚወጣ ጻፉለት።

ደረጃ 7፦ በስማችሁ ኢሜይል እንዳይላክ

ገዢው ከከፈለ በኋላ የሚጠብቀው ኢሜይል ነው። አጭበርባሪም ይህን ያውቃል። ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ መምጣቱን ለማረጋገጥ የሚያገለግሉትን፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የተባሉትን ሦስት መዝገቦች በዶሜይናችሁ ላይ አስገቡ። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ሰዎች ሦስቱንም ይጠይቃሉ። ዲማርክን መጀመሪያ በመከታተያ ብቻ ጀምሩ፤ ሪፖርቱን አይታችሁ ሕጋዊ መልእክቶቻችሁ ማለፋቸውን ስታረጋግጡ ወደ ማገድ አሳድጉት። ለደንበኞቻችሁም «በኢሜይል የካርድ ቁጥር አንጠይቅም» ብላችሁ ደረሰኙ ላይ ጻፉ። ከዚያ በእርግጥም አትጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ችግር ሳይመጣ ደብዳቤውን ጻፉ

በጣም ጠንቃቃ ሱቅም ሊሰረቅ ይችላል። ያን ቀን ጭንቅላት አይሠራም። ስለዚህ የክፍያ አቀናባሪውን፣ የሰርቨር ድርጅቱንና የባለሙያውን ስልክ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሱቁን ለጊዜው ለመዝጋት ማን እንደሚወስን ስሙን አስቀምጡ። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ የሚመለከታችሁ ከሆነ ለተቆጣጣሪው የማሳወቂያ ጊዜው ካወቃችሁበት ሰዓት ጀምሮ 72 ሰዓት ነው።

ለደንበኞች የሚላከውንም ደብዳቤ አሁኑኑ አዘጋጁ። ምን ተወሰደ፣ ምን አልተወሰደም፣ እኛ ምን አደረግን፣ እርስዎ ዛሬ ምን ያድርጉ፣ ለጥያቄ ማን ጋ ይደውሉ። አምስት አንቀጽ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር። ቀኑንና ዝርዝሩን ባዶ ተዉት፣ የሚደወልበትን ስልክ ግን ዛሬ ሙሉት።